አይቀመስም ስንል

ጅማ ውስጥ ስለ ኑሮ ወሬ ከተጀመረ አንድ ቃል ሳይጠራ አያልቅም። አይቀመስም። ጤፍ አይቀመስም። ዘይት አይቀመስም። ዩኒቨርሲቲው አካባቢ የቤት ኪራይ አይቀመስም፣ ሲሚንቶማ ባናነሳው ይሻላል። ባጃጅ ውስጥ ትሰሙታላችሁ፣ ልቅሶ ቤት ትሰሙታላችሁ፣ ፀጉር ቤት ወረፋ ስትጠብቁ ትሰሙታላችሁ። አንዱ "አይቀመስም" ይላል፣ ሌላው ራሱን ይነቀንቃል፣ ከዚያ ወሬው ወደ ሌላ ይሄዳል። እኔን የሚቆጨኝ ይሄ ነው፤ ወሬው ወደ ሌላ መሄዱ።

ቃሉን ግን እወደዋለሁ። በጣም። ስለምወደውም ነው ትንሽ ልቆይበት የፈለግኩት።

ከአቅም በላይ የሆነን ነገር የምንጠራበት ቃል አማርኛ ሞልቶታል። መንገዱ የራቀ "አይደረስም" ይባላል። ዋጋው የናረ "ሰማይ ነካ" ይባላል። ብር ያጣ ሰው "እጄ አጥሮ ነው" ይላል፤ ገንዘብ የሚለው ቃል ሳይነሳ ነገሩ ይገባናል። ተስፋውን የማይጨበጥ ቦታ ላይ የሰቀለ ሰው "ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ" ይተረትበታል። የሚፈራ ባለሥልጣን "አይነኬ" ነው። የፈጣሪ ሥራ ደግሞ "አይመረመርም"፤ እዚህ ላይ መስጊዱም ቤተ ክርስቲያኑም ይስማማሉ። እግር፣ እጅ፣ ዓይን፣ አእምሮ፣ እያንዳንዳቸው ከዚህ በላይ አልሄድም ብለው የሚቆሙበት ቦታ አላቸው።

አይቀመስም ብቻ ነው አፍ ላይ ያለው።

አፍ ደግሞ የመጨረሻው ቅርብ ቦታ ነው። አንድን ነገር ለመቅመስ መጀመሪያ ነገሩ ፊታችን መቅረብ አለበት፣ ከዚያ እጃችን መግባት አለበት፣ ከዚያ ከንፈር ይነካል። ሩቅ ያለ ነገር አይቀመስም አይባልም። ጨረቃን ማንም "አትቀመስም" ብሎ አያውቅም። ጨረቃ አይደረስባትም። አይቀመስም የሚባለው ሱቁ መደርደሪያ ላይ ቁጭ ብሎ የሚያየን ዘይት ነው። በዚያ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ትናንት የቀመስነው ነገር ነው። በልቶት የማያውቀውን ነገር ሰው አይቀመስም አይልም፤ ስሙንም አያነሳው። እኔ ቃሉ ውስጥ የምሰማው የመነጠቅ ስሜት ነው። ነበረኝ፣ አሁንም ፊቴ አለ፣ ግን አፌ አይገባም።

ለምን መቅመስ ሆነ? እኔ መልሱን ገበያ ውስጥ ነው የማየው። የጅማ የሐሙስ ገበያ የቆየ ነው። ሄርማታ የዛሬው የከተማ ሰፈር ከመሆኑ በፊት የገበያ ስም ነበር፤ ከ1878 እስከ 1932 በፈረንጆቹ አቆጣጠር የገዙት ዳግማዊ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥታቸው ጅሬን ኮረብታ ላይ ሆኖ፣ ከታች ሲራራ ነጋዴው አሞሌ ጨው ይዞ ይመጣና ቡና፣ ዝባድና የዝሆን ጥርስ ጭኖ ይመለስ ነበር። ዛሬ ያ ሁሉ የለም። አንድ ነገር ግን እንዳለ አለ፤ ገበያ ላይ ቀምሰው ነው የሚገዙት።

የማር ሻጮቹን ቆማችሁ እዩዋቸው። ሴትዮዋ ባልዲዋን ትከፍታለች፣ ከላይ ያለውን ሰፈፍ በስንጥር ገፋ ታደርገዋለች፣ ስንጥሩን ማሩ ውስጥ ነክራ ትዘረጋላችኋለች። እጃችሁ መዳፍ ላይ ጠብ ታደርገዋለች። ነጭ ከሆነ ከጫካ የመጣ የጌተም አበባ ማር ነው፤ ቀላ ካለ ሌላ ነው፤ ስኳር ከገባበት ምላስ ቶሎ ያውቀዋል። "ቅመሺ ልጄ፣ ለመቅመስ አይከፈልም" ትላለች። ዋጋው የሚነገረው ከዚያ በኋላ ነው። እርጎውም እንደዚያው ነው። ቅቤ ይሸተታል። ጌሾ በጣት ይፈተጋል። መቅመስ ማለት ግዢው ሳይጀመር የሚሰጥ፣ ድሃውም ሀብታሙም እኩል የሚያገኘው መብት ነው። እንግዲህ "ዋጋው አይቀመስም" ሲባል፣ ያቺ በነፃ የምትሰጠው የመጀመሪያ ጠብታ እንኳ ቀርታለች ማለት ነው። ገዢው ገበያው ውስጥ ቆሟል፤ ግብይቱ ግን ከመጀመሪያው ደረጃ ላይ ተዘግቷል።

ቀመሰ ራሱ ሰፊ ቤት ያለው ግስ ነው። ትምህርት ቤት የገባ ሰው "ቀለም የቀመሰ" ነው። ያልገባው ያልቀመሰ። የተገረፈ "ዱላ ቀመሰ"። የታሰረ እስርን ቀመሰ፣ የተሸነፈ ቡድን ሽንፈት ቀመሰ፣ ሟች የሞትን ጽዋ ቀመሰ። ልብ ብላችሁ ካያችሁት፣ የምንቀምሰው ነገር ከሚጥመው የሚመረው ይበዛል። መከራ ሁልጊዜ ይቀመሳል። መከራ ላይ አይቀመስም የሚል ሰው የለም፤ መከራ ለሁሉም ይደርሳል።

ሁለት ፊደል ብቻ ሲለወጥ ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። "አልቀምስም" እና "አይቀመስም"። ጅማ የጾም ከተማ ናት። በረመዳን ቀኑን ሙሉ ውሃ ያልቀመሰ ጎረቤት አላችሁ፤ በሁዳዴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ያልቀመሰ ጎረቤት አላችሁ። ሁለቱም "አልቀምስም" ነው የሚሉት። ባለቤት ያለው ግስ ነው። እኔ ነኝ፣ ወስኛለሁ፣ ማታ ደግሞ እበላለሁ። አይቀመስም ውስጥ ግን ማን አለ? ማንም። የሚቀምሰው ሰው የለም፣ የከለከለው ሰውም የለም። ነገሩ ራሱ፣ በራሱ ፈቃድ፣ አልቀመስ ያለ ይመስላል። ዘይቱ ኮራ። ጤፉ ጠላን።

ይሄኛው ነው የሚያስጨንቀኝ። "እጄ አጠረ" ሲባል ቢያንስ እጁ የማን እንደሆነ ይታወቃል። "አስወደዱት" ሲባል ያስወደደው ባይጠራም አንድ ቦታ እንዳለ ይታወቃል። "አይቀመስም" ግን ሁሉንም ሰው ከዓረፍተ ነገሩ ያስወጣል። ዝናብ ዘነበ እንደሚባለው ሆኖ ይቀራል። ምንም ማድረግ አይቻልም፣ ጃንጥላ ካለህ ዘርጋ።

ሰው ላይም ይውላል። "ያ አለቃ አይቀመስም" ሲባል ቁጡ ነው፣ ፊት አይሰጥም፣ ጉዳይ ይዘህ ብትገባ ከነወረቀትህ ትወጣለህ ማለት ነው። ይህ አጠቃቀም ይገባኛል። ሰውየው ቅርብ ነው፤ በሩ ላይ ስሙ ተለጥፏል፣ ወንበሩ ላይ ተቀምጧል። ግን አይቀመስም። "አይቻልም" የሚለው ደግሞ ተገልብጦ ሙገሳ ሆኗል፤ ጎበዝ ተጫዋች ኳስ ይዞ ሦስት ሰው ካለፈ "እሱ እኮ አይቻልም!" ነው የሚባለው። አይቀመስም እንደዚህ ፊቱ ሲፈካ ብዙም ሰምቼ አላውቅም።

የቢሮው ቋንቋ ለዚህ ሁሉ አንድ ቃል አለው። ተደራሽ። "አገልግሎቱን ተደራሽ ለማድረግ"፣ "ተደራሽ ያልሆኑ የማኅበረሰብ ክፍሎች"። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ማኅበረሰብ አቀፍ በሚባለው ትምህርታቸው ወደ ገጠር ቀበሌዎች ይወጣሉ፣ ቤት ለቤት ይዞራሉ፤ ይህ ዩኒቨርሲቲው ከጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩትነቱ ጊዜ ጀምሮ ይዞት የመጣ፣ በእውነት የሚያኮራ ሥራ ነው። ሪፖርት ሲጻፍ ግን ተደራሽ የምትለው ቃል ትገባለች። እኔ ይህቺን ቃል አልወዳትም። ጌራ ወይም ሰጠማ ጫካ ዳር ያሉ እናት መቼ ነው ተደራሽ መሆን ያቆሙት? እሳቸው አያታቸው በኖሩበት ቦታ ነው ያሉት። ጎረቤታቸው ይደርስባቸዋል፣ ዕድሩ ይደርስባቸዋል፣ ቡና ሰብሳቢው ነጋዴ በክረምት ጭቃ ሳይቀር ይደርስባቸዋል። ያልደረሰው ሌላ ነው። ቃሉ ግን ጉድለቱን እሳቸው ላይ ይለጥፋል። "አይቀመስም" ሰውን ከዓረፍተ ነገር ያወጣል ብዬ ተቆጨሁ፤ "ተደራሽ ያልሆነ" ደግሞ የተሳሳተውን ሰው ያስገባል።

አሁን ወደ ቡናው ልምጣ። ወደዚያ ለመምጣት ነው ይህን ሁሉ የዞርኩት።

ጅማ ውስጥ መቅመስ ሥራ የሆነላቸው ሰዎች አሉ። ቡና ቀማሾች። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ የቡና ቤተ ሙከራ ካላቸው ከተሞች አንዷ ጅማ ናት፤ የግብርና ኮሌጁም፣ መልኮ ያለው የምርምር ማዕከልም ቡና ይቀመስባቸዋል። ሲቀምሱ ቆሜ አይቻለሁ። ረጅም ጠረጴዛ ነው። ለእያንዳንዱ ናሙና ብዙ ሲኒ ይደረደራል፣ አንዱ ሲኒ ብቻ ቢበላሽ እንዲታወቅ። ቡናው ቀለል ተደርጎ ይቆላል፤ እኛ ቤት እንደምናጠቁረው አይደለም። ተፈጭቶ ደረቁን ይሸታል። ፈልቶ ትንሽ የበረደ ውሃ ይፈስበታል፣ ወደ አራት ደቂቃ ይቀመጣል። ከላይ ቅርፊት ይሠራል። ከዚያ ቀማሹ ጎንበስ ብሎ አፍንጫውን ሲኒው አፍ ላይ ያደርስና ቅርፊቱን በማንኪያ ይሰብረዋል። ያ ሽታ የሚወጣው አንዴ ብቻ ነው፣ ቶሎ ነው የሚያልፈው። አረፋው ይገፈፋል፣ ቡናው ይቀዘቅዛል። ከዚያ ነው መቅመሱ፤ በማንኪያ ይጠልቅና በኃይል ፉት ይለዋል፣ ክፍሉ የሚሰማ ድምፅ ያወጣል፣ ቡናው ከአየር ጋር አፉን ሁሉ እንዲያዳርስ። ከዚያ ይተፋዋል። ቁጥር ይጽፋል። ወደሚቀጥለው ሲኒ።

ውጤቱ ደረጃ ይሆናል። ጀንፈሉ ተፈልፍሎ የሚላከው ያልታጠበ ቡናችን ዓለም ገበያ ላይ ስም አለው፤ "ጅማ 5" ይባላል። የከተማችን ስም ከነቁጥሩ በባሕር ማዶ የነጋዴ ሰነድ ላይ ይጻፋል። መልኮ የተመረጡት ዝርያዎች ደግሞ በቁጥር ነው የሚጠሩት። 74110፣ 74112። ፊት ያለው 74 የተመረጡበት ዓመት ነው፣ በፈረንጆቹ 1974። በዚያን ጊዜ የቡና ፍሬ በሽታ አገሪቱ ከገባ ጥቂት ዓመቱ ነበር፣ ማሳ ሙሉ ፍሬ ዛፉ ላይ እንዳለ እየጠቆረ ይረግፍ ነበር። ተመራማሪዎቹ በሽታው ያልነካቸውን ዛፎች ፍለጋ ጫካና ጓሮ ለጓሮ ዞሩ፣ ከኢሉባቦር መቱ አካባቢ ያገኙትን እያባዙ ለገበሬው ሰጡ። ዛሬ እነዚያ ቁጥሮች ውጭ አገር የቡና ከረጢት ላይ ታትመው ይሸጣሉ። በጣም ደስ ይለኛል ይሄ። እንዲህ ያለ ሥራ እዚሁ ከተማችን ጫፍ ላይ መሠራቱን ስንቱ የጅማ ልጅ ያውቃል?

ግን ለውጭ ገበያ የተለየ ጥሬ ቡና አገር ውስጥ መሸጥ በሕግ ክልክል ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፣ ዶላር ያስፈልጋል፣ ዶላር ከሚያመጡልን ዋና ዋና ነገሮች ደግሞ አንዱ ቡና ነው። እኛ የምንጠጣው ከዚያ የቀረውን፣ ደረጃ ያላሟላውን ነው። እሱንም ቢሆን አገሪቱ ከምታመርተው ትልቅ ድርሻውን እዚሁ እንጠጣዋለን፤ ይህን ያህል የራሱን ቡና የሚጠጣ አምራች አገር አፍሪካ ውስጥ ሌላ የለም። ስለዚህ ሁለት ዓይነት አይቀመስም አለ። ምርጡን ሕጉ አይቀመስም ብሎታል። የቀረውን ደግሞ ዋጋው።

ዋጋውም ዝም ብሎ እንደ ዝናብ አልወረደም። ምክንያቶቹ ስምና ቀን አላቸው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ፤ 57 ብር አካባቢ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ወጣ። ወዲያው ብራዚል በድርቅ ተመታች፣ የአረቢካ ቡና ዋጋ ዓለም ላይ እየጨመረ ሄዶ 2017 አጋማሽ ላይ አንድ ፓውንድ፣ ማለትም ግማሽ ኪሎ እንኳ የማይሞላው፣ ከ4 ዶላር አለፈ። እንዲህ ያለ ዋጋ ታይቶ አይታወቅም ነበር። ከአጋሮ የሚመጣ ገበሬ ፈረሱላውን፣ አሥራ ሰባት ኪሎውን፣ በተሻለ ዋጋ መሸጡ ያስደስተኛል። ይገባዋል፤ የለፋው እሱ ነው። ዋጋው ሲወድቅ ቡናውን ነቅሎ ጫት የተከለ ገበሬ ስንት አለ። እኔ የምለው ሌላ ነው። አይቀመስም ብለን ራስ ከመነቅነቅ ይልቅ ይህን ሁሉ ማውራት ይቻላል። ማን አተረፈ፣ ማን ወሰነ፣ ገበሬው ጋ ስንት ደረሰ፣ መሃል ላይ ስንት ቀረ። ወሬው ወደ ሌላ ባይሄድ ወደዚህ መሄድ ይችል ነበር።

ምክንያቱም የሚጠፋው ቡና ብቻ አይደለም። ሰፈራችን ያሉ አንዲት እትዬ ቡና ሲያፈሉ ጎረቤቱን ሁሉ ይጠሩ ነበር፤ ልጅ ይልካሉ፣ ልጁ አጥር ላይ ተንጠልጥሎ "ቡና ጠጡ!" ይላል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ። በረካው ላይ ነው ዋናው ወሬ የሚወጣው፣ የታመመ የሚጠየቀው፣ የተጣላ የሚታረቀው፤ ምርቃቱም እዚያ ነው። አሁን ፍሬውን መዳፋቸው ላይ ዘርግተው ያዩታል። ድሮ በእፍኝ ነበር ምጣድ ላይ የሚጨምሩት። አሁን ከእፍኙ ላይ ቀነስ ያደርጉና ቀሪውን ወደ ቆርቆሮው ይመልሱታል፣ ክዳኑን ጠበቅ ያደርጉታል። አቦሉ ራሱ ቶና ይመስላል። ልጁን መላክ ትተዋል። ያገኙትን ሰው ግን አሁንም ሳያጠጡ አይለቁም፤ "ቀጥኗል እንግዲህ፣ አትፍረጂብኝ" ይላሉ። እኔ ለቡናው መቅጠን ምንም አይመስለኝም። አጥር ላይ የሚንጠለጠለው ልጅ መቅረቱ ነው ያመመኝ። ቡና ጠጡ ተብሎ ያልተጠራ ሰው መታመሙም ቶሎ አይታወቅም።

በቅርብ ጊዜ ደግሞ ሌላ ቃል እየሰማሁ ነው። አይጠየቅም። "ሥጋ እንዴት ነው ዘንድሮ?" ሲባል "ኧረ እሱ አይጠየቅም!" ይባላል። ይህ ከአይቀመስም አንድ እርምጃ ይርቃል። አይቀመስም የሚል ሰው ቢያንስ ገበያ ሄዷል፣ ጠይቋል፣ ዋጋውን ሰምቶ ደንግጧል። አይጠየቅም የሚለው ግን መንገድ ቀይሮ ያለፈ ነው። ያፍራል። ሻጯ እንዳታየው ፊቱን ወደ ሽንኩርቱ ያዞራል። ሰው መጠየቅ ሲያቆም ዋጋውን የሚያውቁት የሚገዙት ብቻ ይሆናሉ፣ እነሱ ደግሞ አያማርሩም።

እኔ ስለዚህ እጠይቃለሁ። ሐሙስ ገበያ ከወጣሁ የማልገዛውንም ቢሆን እጠይቃለሁ። ቡናውን እጄ ላይ አፈሰዋለሁ፣ አሸተዋለሁ፣ ከየት እንደመጣ እጠይቃለሁ፣ ባለፈው ሳምንት ስንት እንደነበር እጠይቃለሁ፣ ገበሬው በስንት እንደሰጣት እጠይቃለሁ። አንዳንዷ ትቆጣለች፣ "ትገዢ እንደሆነ ግዢ" ትላለች፣ እውነቷን ነው፣ ሥራ ላይ ናት። አንዳንዷ ግን ጎን ያለውን ጆንያ ታመቻችልኝና "ቁጭ በይ እስቲ" ብላ ትጀምራለች፤ ከአጋሮ ያመጣችበትን መኪና ኪራይ፣ ኬላው ላይ የቆመችበትን ሰዓት፣ ለግማሽ ጆንያ የተበደረችውን ገንዘብ። ጎናችን ያለችው ማር ሻጭ ትገባበታለች። ከኋላ የቆመ ሰውዬ "ኧረ እንደዚያ አይደለም" ይላል። ክርክር ይነሳል። ዋጋው በዚያ ቀን አይቀንስም፣ እኔም ከአንድ ኩባያ በላይ ገዝቼ አልገባም፤ ግን አራት አምስት ሰው ቆሞ ስለ ቡና ዋጋ ከነስሙ፣ ከነቀኑ፣ ከነሂሳቡ እያወራ ነው።